ሦስተኛው ጣት

ባለቁልፉ ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ግን ያንን ስም የሚያውቀው የዓመት ፈቃድ መጠየቂያው ቅጽ ብቻ ነው። አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ፀጉሩ ከግንባሩ መሸሽ ጀምሯል፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አንድ እግሩን ከሥሩ ያጥፋል፣ ሰው ሲመሰገን መስማት አይወድም። የመጨረሻዋን ነገር ከወዲሁ መናገሩ ይሻላል፤ እሷን ደብቆ ስለ እሱ ማውራት አይቻልም።

መሥሪያ ቤቱ ከአንድ መነጽር ቤት በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰባት ሰው፣ ሰባት ጠረጴዛ፣ ብቻውን የሚያጉረመርም አንድ አሮጌ ማራገቢያ። የሚሠሩት ለክሊኒኮች የሚያገለግል የስልክ መተግበሪያ ነው። ታካሚው ቀጠሮ ይይዝበታል፣ የምርመራ ውጤቱን ያይበታል፣ ለሐኪሙ መልእክት ይጽፍበታል። ባለቁልፉ የመጀመሪያው ተቀጣሪ ነው፤ የመጀመሪያው ሥራውም የመግቢያው ገጽ ነበር። ስምና የይለፍ ቃል የሚጠየቅበት፣ ማንም ሳያልፍበት ወደ ውስጥ የማይዘልቅበት ገጽ። ቅጽል ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። የይለፍ ቃሉ ከአሥር ፊደል እንዳያንስ፣ ቁጥርም ምልክትም እንዲኖርበት፣ በየሦስት ወሩ እንዲቀየር ያደረገው እሱ ነው። ተጠቃሚው ሁሉ ቢረግመውም እሱ ግን በየግብዣው "እኔ ካልከፈትኩ ማን ይገባል?" እያለ ያወራ ነበር። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አለፈ።

ከስምንት ወር በፊት አዲሷ መጣች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ስምንት ወር ሞልቷትም ስሟ "አዲሷ" እንደሆነ ቀረ፣ ከእሷ በኋላ የተቀጠረ ሰው የለምና። ጠረጴዛዋ ላይ ሁልጊዜ ሁለት ስልክ አለ፤ ሰው ከሚይዛቸው ከሁለቱ ዓይነት ስልኮች አንድ አንድ። መተግበሪያው አንድ ጊዜ ተጽፎ በሁለቱም ላይ እንዲሠራ ስለሚፈለግ የጻፈችውን በአንዱ ትሞክርና ወዲያው በሌላው ትደግመዋለች። ባለቁልፉን በመጀመሪያው ቀን "ጋሼ" አለችው። አስከትላም አንቱ አለችው። እሷ አክብራ ነው፤ እሱ ግን ጡረታ ያወጣችው መሰለው። ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ በቆመ መኪና መስታወት ሁሉ ፀጉሩን እያየ ሄደ።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ሰኞ፣ በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ፣ ሁሉም አለቃ የሚሉት፣ የእስክሪብቶ ጫፍ እየቆረጠመ የሚያወራ ሰው ነው። "ሕዝቡ ፓስወርድ መሮታል" አለ። "ሌላው ሁሉ በጣት እየገባ፣ በፊት እየገባ፣ እኛ ብቻ አሥር ፊደል ካላመጣህ እንላለን። ሁለት ወር ይበቃል። አዲሷ ትሠራዋለች።"

የባለቁልፉ ቆሽት አረረ። ይህንን ሐሳብ ከሁለት ዓመት በፊት ያቀረበው እሱ ነበር። በሁለቱ ዓይነት ስልኮች ላይ የአሻራ አሠራር በምን በምን እንደሚለያይ አጥንቶ፣ አሥራ አራት ገጽ ጽፎ፣ ለአለቃ በእጁ ሰጥቶት ነበር። አለቃም "በጣም ጥሩ፣ ጊዜው ሲደርስ" ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ይኸው ጊዜው ደረሰ፤ የደረሰው ግን ለሌላ ሰው ነው። ባለቁልፉ ሊናገር አፉን ከፈተ። ሁሉም ዞር ብለው ሲያዩት "ጥሩ ሐሳብ ነው" አለና ከአንገት በላይ ሳቀ።

አዲሷ ለሁሉም አስረዳች። "ብዙ ሰው መተግበሪያው አሻራውን የሚወስድበት ይመስለዋል" አለች። "አንወስድም። አሻራው ከስልኩ አይወጣም፤ ስልኩ ራሱ የተቆለፈ ቦታ ያስቀምጠዋል። እኛ 'ይህ ሰው የተመዘገበ ነው ወይ?' ብለን ስልኩን እንጠይቃለን። አዎ ካለ ቁልፉን ያቀብለናል፣ አይደለም ካለ በሩ ዝግ ነው። ዘበኛ እንደ መጠየቅ ነው። ዘበኛው የሰውየውን መልክ ያውቃል፣ እኛ ዘበኛውን እናምናለን።" ማንም ሁለተኛ አልጠየቃትም፤ ሁሉም ገባቸው። አለቃ "ጎበዝ" አለ። ባለቁልፉ በዚያ ስብሰባ ላይ ይህችን ቃል ቆጠረ፣ ሰባት ጊዜ ተባለች። እሱ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተብሏል፤ አንዱም የመጸዳጃ ቤቱን የበር እጀታ ስለጠገነ ነው።

ቅናት ሥራ ፈቶ አይውልም። መስኮት አጠገብ ባለው ጠረጴዛዋ ቀናባት፤ ፀሐይ ዓይኔን ወጋኝ ብሎ የለቀቀላት ራሱ መሆኑን ረሳ። በሰዓቱ ስትወጣ "ምን ሥራ አላት" አለ፣ ስታመሽ "ለታይታ ነው" አለ። ጥያቄ ስትጠይቀው ሞኝ ናት አለ፣ ሳትጠይቀው ስትቀር ንቃኛለች አለ። ሁለቱ ስልኮች እንኳ አስቀኑት። እሱ ጠረጴዛ ላይ አንድ ነው ያለው፣ እሱም የራሱ።

ቤት ሲገባ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የፊተኛው ክፍል ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር መኪናዋን ተክላ ትሰፋለች። ዝምተኛ አይደለችም፤ ነገር ግን መስማት ታውቃለች። ከራት በፊት ስለ አዲሷ ያወራላታል፣ ከራት በኋላም ስለ አዲሷ ያወራላታል። መጀመሪያ ላይ አብራው ተናደደች። ቆይታ ዝም አለች። አንድ ማታ ብርድ ልብስ ስታነጥፍ ቀና ብላ አየችውና "ይቺ ልጅ እዚሁ ቤት መኖር ከጀመረች ሰነበተች" አለችው። "አንድ ትራስ ልጨምርላት?"

እሱ አልሳቀም።

ሌላ ቀን ደግሞ ገና ጫማውን ሲያወልቅ፣ መኪናዋን አቁማ "ዛሬስ እኔም የምነግርህ አለኝ" አለችው።

"ቆይ፣ ልጨርስልሽ" አላት፤ "ዛሬ ያደረገችውን ብትሰሚ።" እሱ ሲጨርስ መኪናዋ እንደገና መንኳኳት ጀምሮ ነበር። ምን ልትነግረው እንደነበር መጠየቅ ትዝ አላለውም።

ሁለት ወሩ አለቀና አዲሷ ሥራዋን አስረከበች። በዚያ መሥሪያ ቤት አንድ ደንብ አለ፤ የማንም ሥራ ሌላ ሰው ሳያነበው ወደ ሕዝቡ አይወጣም። ያነበበው ሰው መጨረሻ ላይ "አይቻለሁ" የምትለዋን ይጫናል፣ ስሙም ከሥሩ ይጻፋል። አንባቢ ሆኖ የተመደበው ባለቁልፉ ነው። "በሩ ያንተ ስለሆነ" አለው አለቃ፣ እስክሪብቶውን እየቆረጠመ። ባለቁልፉም በሩን ወስደህ ማንበቡን ትሰጠኛለህ ብሎ በሆዱ ተናገረና ወደ ጠረጴዛው ሄደ።

ሦስት ቀን አነበበ። እንዲህ አድርጎ የራሱንም አንብቦ አያውቅም። ስህተት ፈለገ፤ የሚያሳፍር፣ ሰው የሚስቅበት ስህተት። አጣ። ሥራው ንጹሕ ነበር፣ ያ ደግሞ ይበልጥ አንገበገበው። አንዳንዱን ቦታ እንዲያውም "እኔም እንዲህ ነበር የምጽፈው" አለና ወዲያው አፈረ፤ እሱ እንደዚያ አሳምሮ እንደማይጽፈው ያውቃል። በሦስተኛው ቀን ከምሳ በፊት ግን አገኘው።

የጎደለው አንድ መስመር ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ስልክ ላይ ከባለቤቱ ሌላ አዲስ ጣት ቢመዘገብ፣ መተግበሪያው በዚያ ጣት መከፈት የለበትም። ማን እንደገባ አይታወቅማ። ከሁለቱ ዓይነት ስልኮች አንደኛው ይህን ራሱ ያውቃል፤ አዲስ ጣት ሲመዘገብ የድሮውን ቁልፍ ይሰብረዋል፣ ባለቤቱም እንደገና በይለፍ ቃል ይገባል። ሁለተኛው ዓይነት ግን ካልነገሩት ዝም ይላል። ዛሬ የተመዘገበውንም ጣት ከአምናው ሳይለይ ያስገባዋል። መንገር ማለት አንድ መስመር መጻፍ ነው፤ አዲሷ አልጻፈችውም። በአንደኛው ስልክ ሞክራው በትክክል ሲዘጋ አይታ፣ ሌላውም እንደዚያው ነው ብላ አልፋዋለች። ባለቁልፉ ይህን ያወቀው ከእሷ ስለሚበልጥ አልነበረም። መሳቢያ ውስጥ ከቀሩት አሥራ አራት ገጾች ዘጠነኛው ላይ ራሱ ጽፎት ስለነበር ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ብድግ ብሎ አምስት እርምጃ ተራምዶ "እዚህ ጋ አንድ መስመር ቀርቶሻል" ማለት ነበረበት። አልተነሣም። ልቡ በደስታ መምታት ጀመረ፣ ጆሮው ሞቀ። ስልክ ቆልፎ የሚይዝ ሰው ማንን ያስመዘግባል፣ ትንሽ ነገር ናት፣ በኋላም ይደረስባታል፣ እያለ ለራሱ ጠበቃ ቆመለት። እውነቱን ግን ያውቃል። አዲሷ በሰው ፊት እንድትወድቅ ፈለገ፤ ስትወድቅም የሚያነሣት እሱ እንዲሆን። ሆድ ይፍጀው አለና "አይቻለሁ"ን ተጫነ።

አዲሷ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች። "ጋሼ፣ ምንም አላገኙብኝም?"

"ምንም። ንጹሕ ነው።"

"ወይ ጉድ፣ እኔማ እርስዎ ያነባሉ ሲባል እንቅልፍም አልነበረኝም" አለችና ወንበሯ ላይ ዘና አለች። "አሁን ገና ተነፈስኩ።"

በሳምንቱ አዲሱ መግቢያ ወጣ። ሕዝቡ ወደደው። አለቃ በየጠዋቱ የተጠቃሚዎችን ምስጋና ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር፤ "ጣት ያስታወሳችሁልን ተባረኩ" የሚል አለ፣ "ያንን ፓስወርድ ያወጣው ሰው ግን የት ነው ያለው?" የሚልም አለ። ሁሉም ሲስቅ ባለቁልፉም ሳቀ። ለባለቤቱም አዲሱን መግቢያ ያስተካከለላት እሱ ነው፤ ቤት ውስጥ ስልክ የሚነካካ ሌላ ሰው የለም። የእሷ ስልክ አሮጌ ነው፣ ከታች ክብ መጫኛ ያለው። መርፌ አውራ ጣቷን ስለፈጀው አሻራዋን አንዳንዴ እምቢ ይላታል፤ ስለዚህ አውራ ጣቷንና የመሃል ጣቷን ሁለቱንም አስመዘገበች። ማታ ማታ ስልኳን ነካ አድርጋ ስትገባ ያያታል። የምትገባው ወዴት እንደሆነ አልጠየቀም፤ እሱ የሚያየው በሩን ነው። አንድ ጊዜ ታዲያ ሳታስበው "ይሄን የሠራው ሰው እጁ ይባረክ" አለች፣ ወዲያው ትዝ አላትና ክር መበጠስ ያዘች። ያን ማታ ባለቁልፉ ጀርባውን ሰጥቷት ተኛ።

አርብ ዕለት አለቃ ወደ ጠረጴዛው መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሰኞ አዲሷን የቡድን መሪ አድርጌ አስተዋውቃለሁ፤ አንተ ነባሩ ነህና ቀድመህ ብትሰማው ብዬ ነው" አለው። ባለቁልፉ "ይገባታል" አለ። ያቺን አንድ ቃል ለማውጣት ጥርሱን ነክሶ ነበር።

አሁን ሰዓቱ ደረሰ። ሰኞ፣ አለቃ ንግግሩን ሲጨርስ፣ እጁን አውጥቶ "ይቅርታ፣ አንድ ነገር ላሳያችሁ" ይላል። በሌላ ሰው ጣት የተከፈተ ስልክ ፎቶ ያሳያል። አንተው ነህ የፈረምከው ቢሉት፣ ቆይቶ ነው የታየኝ ይላል፤ ማን ያውቃል። የቸገረው ፎቶው ብቻ ነው። የእሱ ስልክ ከአንደኛው፣ ከሚዘጋው ዓይነት ነው። መሥሪያ ቤት ያለው የሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ከአዲሷ ጠረጴዛ አይነሣም። እንዲህ ዓይነት ስልክ ሌላ የት እንዳለ ሲያስብ፣ በየማታው አጠገቡ የምታድረዋ የባለቤቱ ስልክ ትዝ አለችው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ ያለቀ ቀሚስ ለደንበኛዋ ልታደርስ ወጣች። ስልኳ ስፌት መኪናው አጠገብ፣ ከመርፌ ማስቀመጫው ጎን ተሰክቶ ኃይል ይሞላል። ባለቁልፉ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ፣ አንድ እግሩንም አጠፈ። የስልኩን አራት ቁጥር ያውቀዋል፤ ያወጣላትም እሱ ነው። አሻራ መመዝገቢያው ውስጥ ገባ። ስልኩ ጣትዎን ያሳርፉ፣ ያንሡ፣ መልሰው ያሳርፉ አለው። አሳረፈ፣ አነሣ፣ አሳረፈ። ከ"ጣት 1" እና ከ"ጣት 2" ሥር አዲስ መስመር ተጻፈ፤ "ጣት 3"።

ከዚያ መተግበሪያውን ነካ፣ ጣቱን ክቡ ላይ አሳረፈ። ተከፈተ። የገዛ ሚስቱን ስም ከላይ ሲያየው ብቻውን ሳቀ። ዘበኛውን እናምናለን አልሽ አይደል፣ ይኸው ዘበኛሽ፣ አለ። ፎቶ ሊያነሣ የራሱን ስልክ ከኪሱ አወጣ። ዓይኑን ወደ ማያው ሲመልስ እንዲህ ይላል፤ "ቀጣይ ቀጠሮ፦ ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት። የናሙና ምርመራ ውጤት፦ ገና አልደረሰም።"

የምን ናሙና? አለ። የሌላ ሰው ገጽ የተቀላቀለ መሰለው፤ ኧረ እንዲያውም ተመኘ፣ ከሆነ ሌላ ስህተት አገኘባት ማለት ነው። ስሙን መልሶ አየ። የባለቤቱ ነው። እዚህ ላይ ስልኩን ቢያስቀምጠው ኖሮ ነውሩ ግማሽ በሆነ ነበር። መልእክቶቹን ከፈተ።

ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው አምስት ሳምንት ሆኖታል፤ "ዶክተር፣ ግራ ጡቴ ላይ እብጠት አግኝቻለሁ፣ መቼ ልምጣ?" ይላል። ሁለተኛው ናሙና የተወሰደ ዕለት ነው፤ ብብቷ ሥር እንደሚያማትና መስፋት ትችል እንደሆነ ትጠይቃለች። ሦስተኛው ያለፈው ረቡዕ የተጻፈ ነው፤ "ውጤቱ ሲመጣ እባክዎ ቤት አይደወልልኝ። እዚሁ ይላኩልኝ፣ እዚህ ከእኔ ሌላ የሚያይ የለም። ባለቤቴ ሰሞኑን በሥራ ቦታው ነገር ሆዱ ተቃጥሏል። ልነግረው ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም። መጥፎ ከሆነ እኔው እነግረዋለሁ፣ ደህና ከሆነም ለምን ይጨነቅ።"

ባለቁልፉ ፎቶውን አላነሣም። "ከእኔ ሌላ የሚያይ የለም" የምትለውን ደግሞ ደጋግሞ አነበባት። አምስት ሳምንት ወደ ኋላ ቆጠረ። ጫማውን ሲያወልቅ "እኔም የምነግርህ አለኝ" ያለችው ያን ሰሞን ነው። ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ሲሰማ ስልኩን እንደነበረ ሰክቶ ከወንበሩ ተነሣ። የመዘገበውን ጣት ማጥፋት አልታወሰውም።

"ምን ሆነሃል? ፊትህ ልክ አይደለም" አለችው እንደገባች።

"ምንም አልሆንኩ።"

"አዲሷ ናት?"

 አዎ እንዳይላት አይደለችም፣ አይደለችም ብሎ ደግሞ ታዲያ ምንድን ነው ቢባል የሚለው የለውም። ታመሻል ወይ ብሎ መጠየቅ በየት ገብተህ አየህ መባልን ያመጣል። እሑድን ሙሉ በዓይኑ ሲከተላት ዋለ። ጨርቅ ከላይኛው መደርደሪያ ስታወርድ ግራ እጇን እንደማታነሣ፣ በቀኟ ብቻ እየተንጠራራች እንደምታወርድ አየ። እንዲህ ማድረግ ከጀመረች ስንት ጊዜዋ ነው? ሁለቱ ስልክ የማን ጠረጴዛ ላይ እንደዋለ በየሰዓቱ የሚያውቅ ሰው፣ ይህን አያውቅም።

ሰኞ ከሁሉም ቀድሞ መሥሪያ ቤት ገባ። አዲሷ ስትመጣ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አጠገቧ ቆመ።

"አንድ መስመር ጎድሏል" አላትና በጣቱ አሳያት።

ወንበሯን ስባ ተቀመጠች፣ አነበበች፣ ስልኩን አንሥታ የራሷን ሌላ ጣት አስመዝግባ ሞከረችው። ተከፈተላት። የፊቷ ቀለም ሲለወጥ አየ። ለዚህች ሰዓት ነበር ለሳምንታት የጓጓው፤ አሁን ስትመጣ ምንም አላስደሰተችውም።

"ግን እኮ አይተውታል" አለች ቀስ ብላ። "ፈርመዋል።"

"አይቼው ነው የፈረምኩት።"

"ማለት?"

"የጎደለውን አይቼ ዝም አልኩ። ቀንቼብሽ ነው።"

አዲሷ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ብትቆጣው ይሻለው ነበር፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር። "አለቃ ሌላ ሰው እንዲያነበው ነበር የፈለገው" አለች። "እርስዎ ያንብቡልኝ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ያንን የእርስዎን አሥራ አራት ገጽ ሰጥቶኝ ነበር፤ ከእሱ ነው የተማርኩት። ዘጠነኛውን ገጽ እንዴት እንደዘለልኩት አላውቅም።" ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። "ይቀመጡ። መጀመሪያ ይሄን እንዝጋ።"

ስብሰባው ላይ ባለቁልፉ ራሱ ተናገረ። አለቃ መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። የሚለውን ሁሉ አለ፣ ሁሉም ተገቢ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ የማንንም ሥራ አታነብም፣ "አይቻለሁ" ላይ ስምህ አይታይም አለው። የአዲሷም ሹመት ለሌላ ቀን ተላለፈ። ከሁሉ ይልቅ ባለቁልፉን ያሳፈረው ይህ ነበር።

የጎደለችው መስመር በግማሽ ሰዓት ተጻፈች። ነገር ግን እስከዚያ የተከፈቱት ቁልፎች ሁሉ የማይታመኑ ናቸው፤ ማን በማን ስልክ ላይ ጣቱን እንዳስገባ አይታወቅም። ስለዚህ ሁሉም ሰው አንድ ጊዜ በይለፍ ቃል እንደገና ይግባ፣ ሲገባም ማሳሰቢያ ይድረሰው ተባለ። አዲሷ ሳትዞር "ማሳሰቢያውን ጋሼ ይጻፉት፣ አጭር ነገር" አለች። እሱም ጻፈ፤ "እባክዎ በስልክዎ ላይ የተመዘገቡትን አሻራዎች ይመልከቱ። የእርስዎ ያልሆነ ካለ ያጥፉት።" ሲጽፈው ከሚያነቡት ሰዎች አንዷ ማን እንደሆነች ያውቅ ነበር። ማሳሰቢያው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይወጣል። እሱ ቤቱ የሚደርሰው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። ይህንንም ያውቅ ነበር።

ሲደርስ ባለቤቱ ጓዳ ውስጥ ዕቃ ታጥባለች፣ ውሃው ይሰማል። ስልኩ ያው መኪናው አጠገብ ነው። አነሣው። ሦስቱ መስመሮች አሉ። "ጣት 3"ን ሲነካት ከሥሯ በቀይ "አሻራውን ሰርዝ" የሚል ወጣ። አንዴ መንካት ነው። ማንም አያውቅም፣ ነገ ማክሰኞ ነው፣ እሷም ብቻዋን ትሄዳለች፣ እሱም ያላወቀ ሆኖ ማታ ምን ዋልሽ ይላታል። ይህን ያህል ቀላል ነው። ጣቱ ቀዩ ጽሑፍ ላይ ሊያርፍ ሲል የውሃው ድምፅ ቆመ። አጥፍቶ ለማስቀመጥ የሚበቃ ጊዜ ነበረው። ሳያጠፋ አስቀመጠው።

እጇን እያደረቀች ወጥታ መኪናዋ ፊት ተቀመጠችና አሥራ ሁለት ሰዓት እስኪያልፍ ሰፋች። የነገውን ሰዓት ልታረጋግጥ ይሆናል፣ ስልኳን አነሣች። "ደግሞ ፓስወርድ አምጪ አለኝ እኮ" አለች፤ "ባህርዩ አገረሸበት።" የይለፍ ቃሏን ከቀሚስ መለኪያው ወረቀት ጀርባ ላይ ፈልጋ፣ አንድ በአንድ እየጠራች አስገባች። ከዚያ ማሳሰቢያውን ጮክ ብላ አነበበችው። "የእርስዎ ያልሆነ ካለ... ኧረ የማን ሊኖር?" አለችና ሄዳ አየች።

"ጣት አንድ፣ ጣት ሁለት፣ ጣት ሦስት። እኔ ሁለት ነው ያስመዘገብኩት።"

አውራ ጣቷን ክቡ ላይ አሳረፈች፤ የመጀመሪያው መስመር ደመቀ። የመሃል ጣቷን አሳረፈች፤ ሁለተኛው ደመቀ። ሌሎቹን ሁሉ ሞከረች፣ ሦስተኛው እንደደበዘዘ ቀረ። ቀና ብላ አየችው። 

ባለቁልፉ ተጠግቶ ጣቱን አሳረፈ። ሦስተኛው መስመር ደመቀ።

"መቼ?" አለች።

"ቅዳሜ።"

"ስንቱን አነበብክ?"

"ሦስቱንም።"

ስልኩን ጭኗ ላይ አደረገች። "እኔ እኮ አልደበቅኩህም" አለች። "ልነግርህ መኪናዬን አቁሜ ነበር። ቆይ ልጨርስልሽ አልከኝ።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ።"

 ስልኩን ዘረጋችለት። "መጀመሪያ ጣትህን አጥፋ።"

ቀዩን ነካ። ሦስተኛው መስመር ጠፋ፤ ሁለት ቀሩ። ስልኩን ተቀበለችው፣ አየችው፣ በፊቱ ደፍታ ጨርቁ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች።

"አሁን ጠይቀኝ" አለችው።

ባለቁልፉ ሌላውን ወንበር ስቦ፣ እግሩን ሳያጥፍ፣ ፊት ለፊቷ ተቀመጠና ጠየቃት።